ሱቁ ግቢ ሲገባ፦ ቱሉ ዲምቱ ዳርቻ ላይ ከዕቃ አቅራቢ ጋር አብሮ የመሥራት አንድ ጉዳይ

ሙሌቱን የጀመርነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ የብሎክ ሁለት የመጀመሪያ ፎቅ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ወለሉ። 4 ሰዓት ሲሆን አርማታውን እያርገበገበ የሚጠቀጥቀው ቪብሬተር ጮኸ፣ አጨሰ፣ ዝም አለ። መጠባበቂያው ከሳምንት በፊት ለጥገና ከተማ ገብቶ እዚያው ቀልጧል። ሾፌሩን በፒክአፕ ወደ መርካቶ አበረርነው። ቃሊቲን እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት። ከሱቅ ሆኖ ደወለና «ኢንጂነር፣ ኒድሉ 38 ነው ወይስ 45 እያሉኝ ነው» አለ፤ ኒድል አርማታው ውስጥ የሚገባው የቪብሬተሩ ዘንግ ነው፣ ቁጥሩም ውፍረቱ በሚሊ ሜትር። 45 አልኩት። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይዞት የመጣው እውነትም 45 ነው፤ መጋጠሚያው ግን በእኛ ሞተር ላይ አልገባም።

እስከዚያው ድረስ ሠራተኞቹ በፌሮ ቁራጭ እየወጉ ትንሽ ገፍተው ነበር። የአማካሪው ሱፐርቫይዘር መጥቶ ሲያይ አስቆመን፤ እውነቱን ነው። አርማታው በማይሆን ቦታ ተቋርጦ እንዳይቀር ከኮለኑ (ከምሰሶው) ራቅ ብለን፣ ሸክሙ አርማታውን ለመቁረጥ ብዙ ጉልበት በሌለው በስፓኑ፣ ማለትም በሁለት ምሰሶ መካከል ባለው ርቀት፣ መሀል አካባቢ ጣውላ አቁመን ዘጋነው። ለሰዉ ሁሉ የሙሉ ቀን ተከፈለ። በማግስቱ የደረቀውን ጠርዝ በመዶሻና በመሮ ስንፈለፍል ዋልን። ጋሼ የምንለው ፎርማን እንደዚያ ቀን ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። የተቆጣው በሾፌሩ አልነበረም፤ በእኔ ነው። የዕቃ ጥያቄ ሁሉ የሚያልፈው በእኔ እጅ ነበርና።

ሳይቱ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ፣ ሦስት ባለ 4 ፎቅ መኖሪያ ብሎኮች የሚነሱበት ግቢ ነው። እኔ ኦፊስ ኢንጂነር ነበርኩ። የድርጅታችንንም ሆነ የአቅራቢያችንን ስም አልጠራም። ሁለታችንም ያጠፋነው ነገር ስላለ ስም መጥራቱ ለማንም አይጠቅምም።

አካባቢውን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልበል። ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ መነሻ ነው፤ ስለዚህ ከደቡብና ከምሥራቅ የሚመጣ ነገር በቀላሉ ይደርሰናል። አሸዋው ከመቂና ከሞጆ መስመር በሲኖ ይመጣል፣ ፌሮውም ከገላን እስከ ቢሾፍቱ ባለው መስመር ካሉት ፋብሪካዎች ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ከሙገር፣ ከደርባ ወይም ከለሚ ሲጫን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው የሚመጣው። ከባድ መኪና በቀን የማይገባበት የሰዓት ገደብ ስላለም ሲሚንቶ የሚደርሰን ሌሊት ወይም ጎህ ሲቀድ ነው። ጥቃቅኑ ዕቃ፣ ሚስማሩ፣ ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦው፣ የመቁረጫ ዲስኩ፣ የመብሻ ፑንታው፣ ያው መርካቶ ነው፤ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። መሬቱ ደግሞ ጥቁር አፈር ነው። በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ሰኔ ሲገባ ጎማ ይውጣል።

ዕቃ ስንገዛ ወጉ እንዲህ ነበር። ፎርማኑ ይጠይቃል፣ እኔ ጽፌ ፕሮጀክት ማናጀሩ ይፈርማል፣ ወረቀቱ ዋናው ቢሮ ይገባል፣ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፣ ቼክ ይዘጋጃል፣ ሾፌር ይፈለጋል። ለ2 ኪሎ ሚስማርም ለአንድ መኪና ፌሮም መንገዱ አንድ ነው። ሳምንት የሚፈጅ ነገር በመሆኑ ጋሼ ብልሃት ፈጥሮ ነበር፤ 5 ሲያስፈልገው 12 ይጠይቃል፣ የተረፈውን ይደብቃል። አንድ ቀን ብሎክ አንድ ደረጃ ሥር ቆርቆሮ አንስቼ ያላየሁት የሚስማር ዓይነት አልነበረም፤ ባለ 8ም ባለ 10ም፣ አብዛኛው ዝጓል። ሌባ አይደለም፤ ከእኛ ወረቀት ሥራውን ማዳኑ ነው።

ከዚያ የሙሌት ቀን በኋላ የሦስት ወር የዕቃ መጠየቂያዎችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በሁለት ክምር ለየኋቸው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ብሎኬት በገንዘብ ሁሉን ይውጣሉ፤ በወረቀት ግን ጥቂት ናቸው። ሌላኛው ክምር ሦስት እጥፍ ይረዝማል፣ ብሩ ግን ተደምሮ የአንድ መኪና ፌሮ አይሞላም። ሰው ያቦዘነብን ይኸኛው ክምር ነው። ሲሚንቶ ጠፍቶብን የቆምንበት ቀን በዚያ ሩብ ዓመት ውስጥ አልነበረም። በ2014 እና በ2015 ሲሚንቶ በድልድል ሲታደል ያየነውን አበሳ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ራሱ ይገርማል፤ የለሚው ፋብሪካ በመስከረም 2017 ከተመረቀ በኋላ እኛ ዘንድ ጭንቀቱ ቀለል ብሎ ነበር።

ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ ለዓመታት ዕቃ የሸጡልን ሰው ናቸው። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ያመጡት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ሰውህ ሁልጊዜ እኔ ሱቅ ደጃፍ ከሚቆም ሱቄን እኔ ላምጣው» አሉ። በኅዳር 2017 አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በክሬን መኪና መጣ፤ በጎኑ መስኮት ተቆርጦለት፣ ውስጡ መደርደሪያ ተበይዶለት። አብራው አንዲት ልጅ መጣች፣ መዝገብና ሚዛን ይዛ።

ስምምነቱ ሲጨመቅ ይኸው ነው። ዕቃው በመስኮቱ እስኪወጣ ድረስ የሐጂ ነው፤ ሲወጣ የእኛ። በየ15 ቀኑ የወጪ ወረቀቱ ተደምሮ እንከፍላለን። ቦታ፣ ዘበኛና መብራት ከእኛ። ማሽኑን በተመለከተ ሁለት ባለ 350 ሊትር የአርማታ ሚክሰር፣ ሦስት ቪብሬተር ከነመለዋወጫቸው፣ አንድ ዘላይ ኮምፓክተር (የአፈር መጠቅጠቂያ)፣ አንድ ጀነሬተር በቀን ኪራይ ያስገባሉ፤ አንዱ ሲበላሽ በዚያው ቀን ይተካሉ፣ መካኒካቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ማሽኑ ቆሞ ለዋለበት ቀን አንከፍልም ብለን ነበር፤ ሐጂ ስቀው ሻይ ጠጡ። በግማሽ ኪራይ ተስማማን።

ዋጋ ላይ ሦስት ስብሰባ ፈጀን። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ገና መንፈቅም አልሞላውም፤ ከውጭ የሚገባ ዲስክና ፑንታ ዋጋው በየሳምንቱ ይነሳ ነበር። የእኛ ፋይናንስ የዓመት ዋጋ ይቆለፍ አለ። ሐጂ ቆልፌ ገባሁ ብል ውሸቴን ነው፣ ሲጨንቀኝ ዕቃውን አላመጣላችሁም አሉ። ይህን በግልጽ የሚነግር ሻጭ ብዙ አይገጥምም። በመጨረሻ የዋጋ ዝርዝሩ በየ15 ቀኑ እንዲታደስ፣ ጭማሪ ካለ ከ3 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲነገረን፣ በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ግን በገባበት ዋጋ እንዲወጣ ሆነ። ይቺ የመጨረሻዋ ሐረግ ብዙ ጭቅጭቅ አዳነችን።

ሲሚንቶና ፌሮ ከኮንቴይነሩ ውጪ እንዲቀሩ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሲሚንቶ ቢያረጅ የሚጎዳው አርማታው ነው፤ ሦስት ወር የተቀመጠ ከረጢት ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከጣውላ ላይ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደረደር፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ በራሳችን ግምጃ ቤት ይዘነዋል። የፌሮው ነገር ደግሞ ሚዛን ነው። ነጋዴ በኪሎ ይሸጣል፣ ፌራዮ፣ ፌሮ የሚቆርጠውና የሚያስረው ሠራተኛ፣ በቤርጋ (በሙሉ ዘንግ) ይቆርጣል። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ነው፤ ባለ 12 ሜትሩ ቤርጋ 10.66 ኪሎ መምጣት አለበት። መዝነን ከዚያ ጎድሎ ስናገኝ ጥያቄው የብር ብቻ አይደለም፣ ዘንጉ ራሱ ቀጥኗል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ መርምሮ የሚቀበለው ሰው ከሻጩ ጋር ግቢ መጋራት የለበትም ብዬ አሰብኩ። አሁንም በዚያው አቋም ነኝ።

የሒሳብ ሠራተኞቹ ክርክርም ነበረ፤ የእኛው ሰው ዕቃው ግቢያችን ከገባ ደረሰኝ ይቆረጥ ይላል፣ የሐጂው ደግሞ ያልተሸጠ ዕቃ 15 በመቶ ቫት ቀድሜ ልክፈል ወይ ይላል። የሁለቱ ባለሙያዎች ስምምነት እያንዳንዱ ጭነት የማስተላለፊያ ወረቀት ይዞ እንዲመጣ፣ የሽያጭ ደረሰኙ ደግሞ የወጪ ወረቀቱ በተዘጋበት ቀን እንዲቆረጥ ነበር። እኔ ከዚህ በላይ አልገባሁበትም።

የመጀመሪያው ወር ሠርግ ነበር። ሽቦ አለቀ፣ ሃምሳ እርምጃ። ኒድል ተበላሸ፣ ሃምሳ እርምጃ። የብሎክ ሁለትን ሁለተኛ ሶሌታ ስንሞላ ቪብሬተር ቆሞብን ነበር፤ ጋሼ ቀና ብሎ ሳያይ ልጅቷ ሌላ አውጥታ ሰጠች። ሾፌሩ ሥራ ፈትቶ ክብደት ጨመረ። ለዋናው ቢሮ የጻፍኩትን ሪፖርት ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ፤ ስኬት የሚለው ቃል አራት ጊዜ አለበት።

ከዚያ የመጀመሪያው የሁለት ወር ሒሳብ ተደመረ። ዋጋው በስምምነቱ ልክ ነው፤ ማንም አልዋሸም። ብዛቱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጥቁር ሽቦ ለ1 ቶን ፌሮ 10 ኪሎ ያህል ይበቃል ብለን ነው ስንገምት የኖርነው፤ እኛ እጥፉን ጨርሰናል። ጓንት በሰው ቁጥር ሳይሆን በጣት ቁጥር የወጣ ይመስላል። የባሰው የፌሮ መቁረጫ ዲስክ ነበር፤ በአንድ ሳምንት 14። ድሮ አንድ ዲስክ ሲጠፋ ጋሼ እንደ ልጅ ልደት መዝግቦ ነበር የሚይዘው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌብነት ነው። ዘበኛውን አጥብቄ ጠየቅሁ፣ ማታ መውጫ ላይ ቦርሳ ፈተሽን። ምንም የለም። እንግዲህ አንድ ቀን ከሰዓት ፌራዮዎቹ ጋ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ልጁ ይቆርጣል፣ ዲስኩ ትንሽ ሲያንስ ፍጥነቱ ይቀንስበታል፣ ፈቶ ይወረውረዋል፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ አዲስ ይዞ ይመጣል። የተወረወረው ገና ግማሽ ዕድሜ አለው። ከቆሻሻው ውስጥ ስድስት ለቀምኩ። ሽቦውም እንደዚያው ነው፤ ድሮ የተራረፈውን ቁራጭ በኪሱ ይዞ የሚያስርበት ሰው አሁን ከጥቅልሉ አዲስ ይቆርጣል፣ የወደቀውን አያነሳም። ዕቃ መርካቶ በነበረ ጊዜ የቆጠበው ርቀቱ ነበር። እኛ ርቀቱን ስናጠፋ ቁጠባውንም አብረን አጠፋነው፤ ይህን ማንም በውሉ ላይ አላሰበበትም።

ሁለተኛውን ነገር ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። ከመስኮቷ ልጅ ጋር ቡና እየጠጣን ስለ ደመወዟ ስታወራኝ፣ በወሩ ከወጣው ዕቃ ላይ ጉርሻ እንደሚታሰብላት ነገረችኝ። ልጅቷ ጎበዝና ታማኝ ናት፤ አንድ ኪሎ አጉድላ አታውቅም። ግን ፌራዮው «እቱ፣ አንድ ጨምሪልኝ» ሲላት ለምን ብላ የምትጠይቅበት ምክንያት የላትም። እንደ ሱቅ ብናየው ልክ ነው፣ ሻጭ ሲሸጥ ይሸለማል። እንደ ግምጃ ቤት ብናየው ግን ዕቃ ጠባቂን ዕቃ በወጣ ቁጥር እንደ መሸለም ነው።

ሐጂ ጋ ሄድኩ። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር፤ ዝም ብለው ሰሙኝና ጉርሻውን ከሽያጭ አንስተው በወር መጨረሻ ቆጠራው ሳይጎድልና ሳይተርፍ ሲገኝ እንዲከፈላት አደረጉ። ለእሳቸውም ቢሆን ዲስክ ተሸጦ የሚገኘው ትርፍ ከእኛ ጋር ሌላ ሳይት ከመያዝ አይበልጥባቸውም። ይህን ግን ያኔ አላሉኝም።

በመስኮቱ በኩል ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። ወጪ ወረቀቱ ላይ ብሎኩና ፎቁ ካልተጻፈ፣ ያንን ሥራ ከእኛ ቆርሶ የያዘው ሰብ ኮንትራክተር ፎርማን ካልፈረመ ዕቃ አይወጣም፤ ፌራዮው ከልኩ በላይ ሽቦ ከወሰደ ከእጅ ዋጋው ላይ እንደሚቀነስ ተነገረ። ዲስክ ደግሞ በልዋጭ ሆነ። ዲስኩ አልቋል አላለቀም የሚለው በየቀኑ ጠብ ሲሆንብን ጋሼ ቀይ ቀለም አንስቶ በኮንቴይነሩ በር ላይ ክብ ሣለ። አሮጌው ዲስክ ክቡ ላይ ሲለጠፍ ጠርዙ ከቀዩ መስመር ከወጣ «ገና ነው፣ ተመለስ»። ከገባ አዲስ ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ጮሌ ጥሩውን ዲስክ በመዶሻ ሰባብሮ መጣ። ለእሱም ሕግ ወጣለት፤ የተሰበረ ዲስክ ቁርጥራጩ ሁሉ ተሟልቶ፣ እንዴት እንደተሰበረ ተጽፎ ይምጣ። ሥራ ላይ ሳለ የሚሰበር ዲስክ ዓይን ያጠፋልና ምክንያቱን ማወቅ ነበረብን። ከዚያ ወዲህ ዲስክ የሚሰብር አልተገኘም። በሦስተኛው ወር የሳምንቱ ወጪ ከ14 ወደ 5 ወረደ። ሽቦው ወደ ድሮው ልክ አልተመለሰም፣ ግን ተጠጋ።

አሁን ወደ እኛ ጥፋት። በ15 ቀን እንከፍላለን ያልን ሰዎች በየካቲት ላይ የሕንፃዎቹ ባለቤት የክፍያ ሰርተፊኬታችንን፣ ለሠራነው ሥራ የሚከፈለንበትን ወረቀት፣ ሲያዘገይብን ሁለት ዙር ዘለልን። እኔ ለሐጂ «በዚህ ሳምንት» ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሲነገረኝ የነበረውን ነው የነገርኳቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት መስኮቱ አልተከፈተም። ልጅቷ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላለች። ጋሼ የኮንቴይነሩን በር በመዳፉ እየመታ «ክፈቺ እንጂ ልጄ» ይላል። ቁልፉን ማታ ሐጂ ወስደውታል። ሚክሰሮቹም ቆመዋል፤ የሞተሩ ማስነሻ ማንሻ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ግቢያችን ውስጥ፣ በእኛ ዘበኛ የሚጠበቅ፣ ግን የእኛ ያልሆነ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጠዋት ገባኝ። በድሮው አሠራር አንድ ሻጭ ቢቀየመን ሌላ ጋ እንሄድ ነበር። አሁን ሚስማሩም፣ ቪብሬተሩም፣ ጀነሬተሩም በአንድ ቁልፍ ሥር ነው።

ከሰዓት ዋናው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ሄዶ ሽማግሌ ሳያስፈልግ ታረቁ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ የተወሰነ ገንዘብ ሰርተፊኬት ቢከፈልም ባይከፈልም እንዲገባላቸው፣ የቀረው በወሩ መጨረሻ እንዲወራረድ ተደረገ። እኔ በበኩሌ ሁለት ቪብሬተርና የአንድ ሶሌታ ሙሌት ጥቃቅን ዕቃ በራሳችን ግምጃ ቤት እንዲቀመጥ አስፈቀድኩ። ሐጂ ሲሰሙ «አላመንከኝም ማለት ነው» አሉ። «ኧረ ሐጂ፣ ያላመንኩት የኛን ካዝና ነው» አልኳቸው። ሳቁ።

ክረምቱ የአሠራሩን ጥቅም ያየንበት ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው ያለው ጥቁር አፈር ገረጋንቲ ብናለብሰውም አይሱዙ እንኳን ይይዝ ነበር። ሐጂ ሰኔ ሳይጋመስ የሁለት ወሩን ዕቃ በአንድ ጊዜ አስገብተው መደርደሪያውን ሞሉት፤ የገዙት በራሳቸው ገንዘብ፣ ያስቀመጡት በእኛ መሬት። የፕላስተርና የቧንቧ ሥራው ውስጥ ለውስጥ ሲቀጥል ለጥቃቅን ዕቃ የቆምንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ብሎኮቹ አልቀው ርክክቡ ሲመጣ ቆጠራው በአንድ ከሰዓት አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ኮምፓክተሩ። ግንቦት ላይ የአጥሩን መሠረት የአፈር ሙሌት ሲጠቀጥቅ ሞተሩ ነክሶ ቀርቶ ነበር። ዘይቱ ደርቋል። ሐጂ ማሽኑን ስሰጣችሁ ሙሉ ነበር፣ ሰውያችሁ ዘይት ሳያይ አስነሳው ይላሉ። እኛ መካኒክዎ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣ አልነበር ወይ እንላለን። ውሉን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለ ነዳጅ ይናገራል፣ ስለ ጥገና ይናገራል፣ ጠዋት ጠዋት የዘይቱን ዘንግ መዝዞ የሚያየው ማን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። ዘላይ ኮምፓክተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ የሚውል ማሽን ነው፤ ዘይቱ በየቀኑ ካልታየ ብዙ አይቆይም።

አዲሱ ሳይት በሰበታ በኩል ነው፤ ኮንቴይነሩ ባለፈው ሳምንት ወደዚያ ሄዷል፣ የጋሼ ቀይ ክብ በሩ ላይ እንዳለ። በአዲሱ ውል ለእያንዳንዱ ማሽን ካርድ ይንጠለጠላል፤ ያስነሳው ሰው ዘይትና ውሃ አይቶ ካልፈረመ ቁልፉን ከመስኮቱ አያገኝም። ለአሮጌው ኮምፓክተር ሐጂ የሞተሩን ዋጋ ግማሽ በግማሽ እንካፈል ብለዋል። ደብዳቤውን ለዋናው ቢሮ አስገብቻለሁ፤ እስካሁን አልመለሱልኝም።